ፖሊስ ያላየው ጠብ፣ ካርድ ክፍል የሚያውቀው

ጥያቄ፦ በሆስፒታል ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ቅዳሜ ማታ ተፈንክቶ የሚመጣው ብዙ ነው፤ «ለፖሊስ አመለከትክ?» ስለው ግን «ተይው» ይለኛል። የዌልሷ ካርዲፍ ከሆስፒታል መዝገብ ተነሥታ ጠብ ቀነሰች ሲባል ሰማሁ። ምን መዝግበው ነው? የታካሚው ምስጢርስ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሥራውን የጀመሩት የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ጆናታን ሼፐርድ ናቸው። በጠብ ተጎድተው ከሚታከሙት አብዛኞቹ በፖሊስ መዝገብ እንደሌሉ አስተዋሉ። ምክንያቱ እርስዎም የሚያዩት ነው፤ አንዱ በቀል ይፈራል፣ ሌላው የመታውን አያውቅም፣ ሌላው ጠቡን ራሱ ስለ ጀመረ ጥያቄ እንዲነሣ አይሻም።

የሚመዘገበው ጥቂት ነው፦ ቀንና ሰዓት፣ ትክክለኛው ቦታ፣ በምን እንደተመታ (ቡጢ፣ እርግጫ፣ ስለት፣ ብርጭቆ)። የሚጠይቀውም ሐኪሙ ሳይሆን እንደ እርስዎ ያለ መዝጋቢ ነው። መረጃው ስም ተነሥቶለት በየወሩ ለተንታኝ ይላካል፤ ከፖሊሱ መዝገብ ጋር ተዳምሮ ካርታ ላይ ይሰፍራል። ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤትና ሐኪሞች አብረው ያዩትና የቅኝት መስመርና ሰዓት ይቀየራል፣ ጠብ የማያጣው መጠጥ ቤት ፈቃዱ ይፈተሻል።

ነገሩ የሚበላሸው «ቦታ» የሚለው መስመር ላይ ነው። «መሃል ከተማ» ተብሎ የተጻፈ መረጃ ፖሊስን የትም አያሰማራም። እኛ ዘንድ «ከእገሌ ሆቴል ፊት ለፊት» ስለምንል እንዲያውም ይቀላል፤ ብቻ ውስጥ ነው ወይስ በር ላይ የሚለውን ይጨምሩ። ኮምፒዩተር ከሆነ «አልታወቀም» የሚለውን ምርጫ ከላይ አያስቀምጡት፤ ሌሊት የደከመው ሠራተኛ ሁልጊዜ እሱን ይነካል። ጥቃቱ ቤት ውስጥ ከሆነ «መኖሪያ ቤት» ብቻ ይበቃል፣ አድራሻው ካርታ ላይ አይውጣ። በወር ሁለት ሰው ብቻ የተጎዳበት ሰፈርም ስም ባይጻፍ እንኳ ሰውየውን ያስለያል፤ የብዙ ወር መረጃ አንድ ላይ ይደምሩ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ካርዲፍን ከ14 ተመሳሳይ ከተሞች ጋር አነጻጽሯል። በጠብ ተጎድተው ሆስፒታል የሚተኙት በወር ከ100,000 ሰው ከ7 ወደ 5 ሲወርዱ፣ በሌሎቹ ከተሞች ከ5 ወደ 8 ወጡ። የሚገርመው፣ ካርዲፍ ላይ ፖሊስ የመዘገበው ቀላል ድብደባ ጨመረ። ፖሊስ ጠቡ ሳይከፋ ሲደርስ፣ ድሮ ሳይመዘገብ የሚያልፈው ጥፊም ይጻፋል። በፖሊስ ቁጥር ብቻ ቢለካ ሥራው ከሽፏል ይባል ነበር።

መፍትሔውንም መለካት ያሻል። ሼፐርድና ባልደረባቸው፣ ጉዳት ይቀንሳል ተብሎ የታሰበውን ጠንካራ የሚባል ብርጭቆ በዕጣ ለተመደቡ መጠጥ ቤቶች ሰጥተው ሲያዩ፣ የአስተናጋጆች ጉዳት ብሶ ተገኘ፤ ብርጭቆው ሲፈተሽ ጥንካሬው ከተራው ያነሰ ነበር።

ፖሊስ የአንድን ታካሚ ስም ሊጠይቅዎት ይችላል። እሱ የምርመራ ጉዳይ ስለሆነ ለኃላፊዎ ይምሩት፤ ከዚህ ዝርዝር ጋር ግን አይቀላቅሉት። ከተቀላቀለ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታውን በእውነት የሚነግርዎት አይኖርም።