የሚከራይ ቤት ዕቃ መቼ ይቀየር? ከሚነዝረው ሻወር እንጀምር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላይ ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ቤት አለኝ። ለሁለትና ለሦስት ቀን ለሚመጡ እንግዶች ከነሙሉ ዕቃው አከራየዋለሁ። ዕቃው ከተገዛ አራት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ «ሻወሩ ትንሽ ነዘረኝ» ብሎኝ ሄደ። ሌላው ደግሞ ፎጣው ሻካራ ነው፣ ፍራሹም ጎድጉዷል አለኝ። ሁሉንም ባንዴ ልቀይር ብል አቅሜ አይፈቅድም። የቱን ልቀይር? የቱስ ይቆይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ይነሱና የሻወሩን ውሃ የሚያሞቀውን የቦይለሩን ብሬከር ያጥፉ። ቤቱ ውስጥ እንግዳ ካለ አሁኑኑ ይደውሉለት። «ትንሽ ነዘረኝ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም። ገላው እርጥብ፣ ወለሉ እርጥብ፣ መስመሩ 220 ቮልት ነው። ዛሬ ነዝሮ የለቀቀ ነገ ላይለቅ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ይህ የሚመጣው ሁለት ጉድለት ሲገጣጠም ነው። አንደኛ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ሽፋኑ ይሰነጠቅና ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ይገባል። ሁለተኛ፣ ቤቱ ደህና ኧርዝ የለውም። ኧርዝ ቢኖር ኖሮ ያመለጠው ኤሌክትሪክ በሽቦው ወደ መሬት ይወርድ ነበር። ከሌለ ግን በሰው ገላ ያልፋል።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልጣለም?» ይሉኝ ይሆናል። ተራ ብሬከር የሚጥለው ጭነት ሲበዛ ወይም ሾርት ሲፈጠር ነው። ሰው ለመግደል የሚበቃው ኤሌክትሪክ ለእሱ ኢምንት ነው፣ አይሰማውም። ይህን የሚያውቀው ኧርዝ ሊኬጅ የሚባለው ብሬከር ነው። ለሻወር 30 ሚሊ አምፒር የተጻፈበትን ይግዙ። ፊቱ ላይ መፈተሻ ቁልፍ አለው። በወር አንዴ ይጫኑት። ካልጣለ አይሠራምና ይቀየር። ግን እሱ ስላለ ኧርዝ ይቅር ማለት አይደለም፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ባለሙያ ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ኤለመንቱን በመሣሪያ ለካኸው? የኧርዙ ሽቦ የት ነው የሚያልቀው? የቦይለሩ ገመድ ውፍረት ስንት ነው? ኧርዙ ከውሃ ቧንቧ ጋር ከታሰረ አይቀበሉት። ዛሬ የሚዘረጋው ቧንቧ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ኧርዝ መሬት ውስጥ ወደተቀበረ ዘንግ መሄድ አለበት። 2000 ዋት ቦይለር ወደ 9 አምፒር ይስባል። ስለዚህ የራሱ መስመርና 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይኑረው።

ቦይለሩ ራሱ ይቀየር ወይ? የተበላሸው ኤለመንቱ ብቻ ከሆነ ኤለመንቱ ይቀየር፣ በቂ ነው። ሲከፈት ውስጡ ያለውን የማግኒዥየም ዘንግም ያሳይዎት። ዝገቱን በታንኩ ፈንታ የሚቀበለው እሱ ነው። ተበልቶ ሽቦው ብቻ ከቀረ አብሮ ይቀየር። ታንኩ ከገላው ካንጠባጠበ ግን መጠገን ገንዘብ ማባከን ነው፣ አዲስ ይግዙ።

ቦይለሩን በዚህ ያህል የዘረዘርኩት በምክንያት ነው። ዕቃን በዕድሜው ብቻ አልመዝንም። መጀመሪያ የምጠይቀው ቢበላሽ ማንን ይጎዳል ብዬ ነው። ሰው የሚጎዳ ከሆነ ገንዘብ እስኪገኝ አይጠበቅም። ገንዘብ ከሌለ ከአገልግሎት ይውጣ። እንግዳ በባልዲ የሞቀ ውሃ ቢታጠብ ይሻላል።

በዚሁ ሚዛን ቀጥለው ወጥ ቤት ይግቡ። የቡታጋዙን ጎማ በጣትዎ አጠፍ ያድርጉት። እጥፋቱ ላይ ስንጥቅ ካዩ፣ ወይም ጎማው ደርቆ ካልታጠፈ ዛሬውኑ ይቀየር። ደህና ቢመስልም ከአምስት ዓመት አያሳልፉት። አዲሱ ሲገጠም መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ይቀቡት። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያመልጣል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካጋጠመዎት ያስቁሙት። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፣ ሳይታወቅም ይከማቻል።

ማከፋፈያውን፣ ሶኬቱንና ስፒናውን ደግሞ ዕቃ ሲሠራባቸው ከቆዩ በኋላ በእጅዎ ይንኳቸው። የሚያቃጥል፣ የቡኒ ቀለም ያወጣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት አይጠገንም፣ ይጣላል። እንግዳ ምጣድ በማከፋፈያ እንዳይሰካ በጽሑፍ ያስጠንቅቁ።

ብዙ አከራይ የሚረሳው ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን ተጣጣፊ የውሃ ቱቦ ነው። በላዩ የተጠለፈው ሽቦ ከዛገ ወይም ከተበጠሰ ሌሊት ይፈነዳና ቤቱ ሐይቅ ይሆናል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሳይፈነዳ ይቀይሩት።

አሁን ወደ መኝታው። ፍራሹን ባዶውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር ገመድ ይወጥሩበት። በገመዱና በጉድጓዱ መካከል ሦስት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ካለ ፍራሹ አልቋል፣ ማገላበጥ አያድነውም። ከዚያ ካነሰ ራስጌውን ወደ ግርጌ ያዙሩት፤ በየሦስት ወሩም እንዲሁ። ስፌቱን አብረው ይዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ምልክት ሊሆን ይችላል። ትኋን ከሆነ አዲስ ፍራሽ ለመግዛት አይቸኩሉ። ክፍሉ ሳይታከም የገባ አዲስ ፍራሽ በሳምንታት ውስጥ ይያዛል። ትራስን ለሁለት ያጥፉትና ይልቀቁት። ተመልሶ ካልተዘረጋ ሞቷል።

ፎጣዎቹን ግን ገና አይጣሏቸው። ሻካራ ፎጣ ሁልጊዜ ያለቀ ፎጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሳሙና ጠጥቶ ነው። ጠብታ ውሃ ያድርጉበት። ውሃው ላዩ ላይ ከተንከባለለ በሙቅ ውሃና በአንድ ብርጭቆ አቼቶ፣ ያለ ሳሙና፣ አንዴ ያጥቧቸው። አቼቶንና በረኪናን በፍጹም አይቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከታጠበ በኋላም ካልመጠጠ፣ ወይም ብርሃን ላይ ሲይዙት ማዶው ከታየ ይቀየር። የአንሶላም ፈተና ይኸው ነው፣ ብርሃን ላይ መያዝ።

ባሕር ዳር ላይ ከፎጣ ይልቅ የሚያሳስበኝ አጎበሩ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ወደ 20 እጥበት ወይም ወደ ሦስት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ነው የሚሠራው። ለእንግዳ ብለው በየወሩ ካጠቡት ሁለት ዓመት ሳይሞላው አለቀ ማለት ነው። ነጭና ንጹሕ ሆኖ ቢታይም መድኃኒቱ የለም። ስለዚህ ሲቆሽሽ ብቻ ይጠብ፣ በረኪና አይንካው፣ በጥላ ይድረቅ። ፀሐይ መድኃኒቱን ይገድለዋል።

ጨርሶ መቀየር የማያስፈልጋቸውም አሉ። ፍሪጁ አያቀዘቅዝም ከተባለ በሩን አንድ የብር ኖት ላይ ይዝጉና ኖቱን ይሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ ላልቷል። በሞቀ የሳሙና ውሃ ያጥቡት። ካልተስተካከለ ጎማው ብቻ ይቀየር። ሽንት ቤቱ ውሃ ያባክናል ብለው ከጠረጠሩ ታንኩ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ያድርጉ። ሳይለቁት ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ቀለሙ ወደታች ከወረደ የውስጡን ጎማ መቀየር ነው። በረንዳው ላይ የእንጅባራ የቀርቀሃ ወንበር ካለዎት እግሩ ሥር ይመልከቱ። ዱቄት የሚመስል ብናኝ ከወደቀ ነቀዝ ገብቶበታል። ከሌላው እንጨት ቶሎ ይለዩት። በአንጻሩ የማይጣበቅ መጥበሻ ሽፋኑ ከተላጠ፣ ብርጭቆ አፉ ከተሸረፈ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፣ ይወገዱ።

ግዢውን ጥቅምት ላይ ያድርጉት። ክረምቱ ያበላሸውና ያሻገተው ሁሉ ያኔ ገሃድ ይወጣል። ገናና ጥምቀት እንግዳ ይዘው ሳይመጡም ለመጠገን ጊዜ ያገኛሉ። ለእያንዳንዱ አልጋ ሦስት ሙሉ አንሶላና ፎጣ ይኑር፦ አንዱ ከአልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። የገዙበትን ወርና ዓመት በማይለቅ ማርከር ከአንሶላው ጠርዝ፣ ከፍራሹ ጎን፣ ከአጎበሩ መስቀያና ከቡታጋዙ ጎማ ላይ ይጻፉ።