የካርቦን ታክሱ ተመልሶ ኪሳችን ይገባል? የጎጃም ወዳጆቼ ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ካናዳው «ተሰብስቦ ለሕዝብ የሚመለስ» የካርቦን ታክስ፣ ማለትም ነዳጅ ሲነድ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ ስለሚጣለው ታክስ፣ ስጽፍ «እኛ አገር ቢመጣስ?» የሚል ብዙ ጥያቄ ከጎጃም መጣልኝ። የተደጋገሙትን ላንሳ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ መልሰው ከሰጡን ለምን ይሰበስቡታል?

ሰው የሚከፍለው ባነደደው ነዳጅ ልክ ነው። የሚመለስለት ግን ከጎረቤቱ እኩል ነው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ለስሌት እንዲመቸን በኪሎ 1 ብር ተጣለ እንበል። እኩል ቤተሰብ ያላቸው ሦስት ቤቶች አሉ። ሁለቱ መኪና የላቸውም። በወፍጮው፣ በአውቶቡሱና በጭነቱ በኩል በዓመት የ100 ሊትር ታክስ ይደርስባቸዋል። ሦስተኛው ቤት 2,000 ሊትር ያነዳል። ሁለቱ 270፣ 270 ብር፣ ሦስተኛው 5,400 ብር ከፈሉ። ድምሩ 5,940 ነው። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤት 1,980 ብር ይደርሰዋል። መኪና የሌለው ቤት 1,710 ብር አተረፈ ማለት ነው።

ከቡሬ፦ ባለ አይሱዙው በጤፉ ላይ አይጨምርብኝም?

ይጨምራል። ከ100ው ሊትር ውስጥ ጭነቱን የቆጠርኩት ለዚህ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ የናፍጣ ወፍጮ አለኝ። ብሩ ከተመለሰልኝ ናፍጣ ለምን እቀንሳለሁ?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይኼ ነው። ወንድሜ፣ ተመላሹ ካንተ ናፍጣ ጋር አይገናኝም። ወፍጮህን ወደ መብራት ብትቀይረው ያው 1,980 ብር ይመጣልሃል፤ የናፍጣውን ታክስ ግን አትከፍልም። ብታነድም ባታነድም ድርሻህ አይነካም፤ ማደያው ላይ ግን እያንዳንዷ ሊትር ታስከፍልሃለች። መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ያለ ባለ ወፍጮ ግን ምን ይምረጥ? ድርሻው ቢደርሰውም ናፍጣውን የሚተካበት የለውም። መስመሩ መቅደም አለበት ባይ ነኝ።

ከዳንግላ፦ የማነደው እንጨትና ከሰል ነው። እኔንም ይመለከተኛል?

እትዬ፣ እንዲህ ያለው ታክስ የሚጣለው በቤንዚን፣ በናፍጣና በመሳሰሉት ላይ ነው። የማገዶ እንጨት ውስጥ የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ነጭ ጋዝ ነው። እሱ ከተወደደ ሰው ወደ ዛፉ ይመለሳል።

ከደጀን፦ መንግሥት የወሰደውን መልሶ ያውቃል?

በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ታክሱ እ.ኤ.አ. በ2008 በቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10 የካናዳ ዶላር ተጀመረ፤ በ2012 ደግሞ 30 ደረሰ። በምትኩ የገቢ ግብር ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጥሬ ገንዘብ ተሰጠ። ሕጉ ደግሞ ጥርስ ነበረው። ገንዘቡ ካልተመለሰ የገንዘብ ሚኒስትሩ ደመወዝ 15 በመቶ ይቆረጣል ይል ነበር።

በ2019 የመጣው የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ታክስ ደግሞ ለቤተሰብ ተመላሹን ከ2022 ጀምሮ በየሦስት ወሩ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ያስገባ ነበር። ሕዝቡ ጭማሪውን ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ያየው ነበር፤ ተመላሹን ግን ብዙው ሰው ልብ አላለውም። ይህ የነዳጅ ታክስ በሚያዝያ 2025 ተሰረዘ። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙው ደሃ ቤተሰብ ተጠቃሚ ነበር።

ከሞጣ፦ የገጠሩስ ሰው?

ካናዳ አማራጭ ትራንስፖርት ለሌለው ለገጠር ነዋሪ 10 በመቶ፣ በኋላም 20 በመቶ ጨምራ ትመልስ ነበር። በእኛ አገር ግን ከመቶኛው በፊት ሌላ ጉዳይ አለ። ባንክ ደብተርም ስልክም የሌላት እናት ድርሻዋ በማን እጅ፣ በየት ቀበሌ፣ በስንት ቀን እንደሚደርሳት ሳይታወቅ አንድ ሳንቲም እንኳ ማደያ ላይ መጨመር የለበትም።