«የኮሚክ ቻናሌን ሲቪዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ልደብቀው?»

«የአካውንቲንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ኮሚክ፣ ማለትም በሣጥን በተከፋፈሉ ሥዕሎች ስለሚተረክ ታሪክ፣ የማወራበት የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። ታሪኮቹን በአማርኛ እተነትናለሁ፣ ሙሉ መጽሐፎቹንም በፒዲኤፍ አጋራለሁ። አሁን ወደ 9 ሺህ ተከታይ አለኝ። አባቴ ‹የልጅ ጨዋታ ነው፣ ጊዜሽን አታባክኚ› ይለኛል። የሚገርመው፣ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የንግሥተ ሳባ ሥዕል አለ። እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን ሣጥን በሣጥን እያሳየ የሚያስረዳው እሱ ራሱ ነው። ልመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ቻናሉን ሲቪዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ልደብቀው? አካውንቲንጉን ትቼ ወደዚህ ብገባስ?»

ውድ ጠያቂዬ፣

ጻፊው። አካውንቲንጉንም አትተዪው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ቻናልሽ ውስጥ ገባሁ። አንድ ምሽት ሙሉ ቆየሁበት። በጣም የያዘኝ ምንም ንግግር የሌለባትን አንዲት ገጽ የተነተንሽበት ጽሑፍ ነው። ሰውየው በስድስት ሣጥን ከበሩ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። በየሣጥኑ ጥቁሩ እየሰፋ እንደሚመጣ አሳየሽን። እኔ ኮሚክ ብዙም አላነብም፣ ግን ተመልሼ ገጹን ሁለት ጊዜ አየሁት። ከሥር ተከታዮችሽ ተከራከሩ። አንዱ መሳደብ ሲጀምር «ሰውየውን ተወውና ገጹን ተመልሰህ እየው» አልሽው። ነገሩ እዚያው በረደ።

ይህ ሥራ ነው። ከባድ ነገር በቀላል አማርኛ ማስረዳት፣ በየሳምንቱ ሳያቋርጡ ማዘጋጀት፣ የተቆጣ ሰው ማብረድ። ብዙ መሥሪያ ቤት ይህን የሚችል ሰው ፈልጎ ያጣል።

ዋናው አጻጻፉ ነው። «ትርፍ ጊዜ፦ ኮሚክ ማንበብ» ካልሽ ማንም ልብ አይለውም። እንዲህ አድርጊው፦ «ስለ ኮሚክ በአማርኛ የሚተነትን የቴሌግራም ቻናል መሥራችና አዘጋጅ። ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ የ9 ሺህ ተከታዮችን ውይይት መምራት።» ከሥሩ የምትኮሪባቸውን ሦስት ጽሑፎች ሊንክ አስቀምጪ። ያቺ ንግግር የሌለባት ገጽ አንደኛ ትሁን።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩትን ልንገርሽ። ፒዲኤፎቹን ከቻናሉ አጥፊያቸው። ዛሬውኑ። አንድ ኮሚክ ጸሐፊ፣ ሠዓሊ፣ ቀለም ቀቢ፣ ፊደል ጻፊ አለው። እነዚህ ሁሉ የሚበሉት ከዚያ መጽሐፍ ነው። በእኛም አገር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 410 ነው። ቀጣሪሽ ሊንኩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው የሰው መጽሐፍ የታጨቀበት ፋይል ከሆነ፣ ጽሑፍሽን ሳያነብ ይዘጋዋል። ለትንተናሽ የምትፈልጊውን ሣጥን ብቻ ለጥፊ። የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም ሁልጊዜ ጻፊ። ተከታይ ይቀንስብሻል፣ አልዋሽሽም። የሚቀሩት ግን ለአንቺ ጽሑፍ የመጡት ናቸው።

ከአድናቂነት ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የኮሚክ መጽሔቶች የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትሙ ነበር። አንባቢዎቹ በዚያ አድራሻ እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ። የዛሬው ግሩፕ በይው። በ1961 ጄሪ ቤይልስ የሚባል አድናቂ «አልተር ኢጎ» የምትባል መጽሔት አወጣ። ሮይ ቶማስ የተባለ የሚዙሪ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር በዚያች መጽሔት ይሠራ ነበር። በ1965 ኒውዮርክ ሄዶ ማርቭል የተባለው ትልቅ የኮሚክ አሳታሚ ጋ ገባ። በ1972 ዋና አዘጋጅ ሆነ።

የተፈተነበትን መንገድ ልብ በይልኝ። የማርቭሉ ሠዓሊ ጃክ ከርቢ የሣላቸውን አራት ገጾች ንግግራቸውን አጥፍተው ሰጡት። በባዶዎቹ ላይ የራሱን ንግግር እንዲጽፍ ነው። ስለ ኮሚክ ምን ያህል እንደሚያውቅ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል ታየ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅርቡን ከፈለግሽ ደግሞ ኩጋሊ የተባለውን የኮሚክ ድርጅት ተመልከቺ። መሥራቾቹ አፍሪካውያን ናቸው። ስለ አፍሪካ ኮሚክና ጨዋታ በፖድካስት በማውራት ጀመሩ። ከዚያ የራሳቸውን ኮሚክ ማሳተም ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዲዝኒ ጋር የሠሩት «ኢዋጁ» የተባለ የሌጎስ ታሪክ ለዕይታ በቃ። እኛም ጋ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለ የጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ባዶ ሜዳ ላይ አይደለሽም።

ወደ አካውንቲንጉ ልምጣ። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን ፈጥረው በ1938 መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ዓለም ባወቀው ጀግና ሌሎች ሲከብሩ እነሱ ለዓመታት ተቸግረው ኖሩ። እንደ ፈጣሪ ስማቸው እንዲመለስና ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር እንዲከፈላቸው የተደረገው በ1975 ነው፣ ያውም ብዙ ከተጮኸ በኋላ። መሣል ያውቁ ነበር። መጻፍም ያውቁ ነበር። የጎደላቸው ከጎናቸው ቁጭ ብሎ «ቆይ፣ ይህ ውል ምን ማለት ነው?» የሚል ሰው ነበር።

አንቺ ያ ሰው መሆን ትችያለሽ። በአካባቢሽ ኮሚክ የሚሞክር አንድ ወጣት ሠዓሊ ፈልጊ። ሁለት ማተሚያ ቤት ሄደሽ 500 ቅጂ ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቂ። ወረቀቱን፣ ሽፋኑን፣ የአከፋፋዩን ድርሻ ደምሪና አንዱ ቅጂ ስንት ቢሸጥ እንደማይከስር በአንድ ገጽ ሠርተሽ ስጪው። ይህችን ገጽ ከሲቪሽ ጋር አያይዢ። ስትመረቂ ለባንክም አመልክቺ፣ ክፋት የለውም። ግን አኒሜሽን ስቱዲዮዎችን፣ የማስታወቂያ ድርጅቶችንና አሳታሚዎችን አትርሺ። ሒሳባቸውን የሚሠራላቸው፣ የሚሸጡትንም ነገር ከልቡ የሚወድ ሰው እንደ ልብ አያገኙም።

አባትሽን በተመለከተ ከእሳቸው ጋር አትጣዪ። «የልጅ ጨዋታ ነው» የሚሉት ስለ ነገሽ ስለሚሰጉ ነው። ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የሥዕል ታሪክ አንባቢ ናቸው። እነዚያ የንግሥተ ሳባ ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ 44 ሣጥን አላቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበቡት። ለእንግዳ ሲተርኩ የሚያደርጉት አንቺ በቻናልሽ የምታደርጊውን ነው።

ስለዚህ የሮይ ቶማስን ፈተና ለራስሽ ስጪ። የሳሎናችሁን ሥዕል የመጀመሪያ ረድፍ፣ ሕዝቡ ለዘንዶው የሚገብርበትን፣ በስልክሽ አንሺው። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ያዢና ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ በራስሽ አማርኛ ጻፊ። አጭር ይሁን፣ በአንድ ሣጥን ከአሥር ቃል አትለፊ። ዘንዶውን ዝም አሰኚው፣ ያስፈራል። ቅዳሜ ከቡና በኋላ ለአባትሽ አንብቢላቸው። የሚያርሙሽ ካለ አርሚ። ከዚያ ለእኔ ላኪልኝ፣ እጠብቃለሁ።