የብሩሽ ጫፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ትናንሽ የፕላስቲክ ምስሎች አቀባብ ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በአንድ ጦር ላይ ነው፤ በኑርግል ወገን። ለጨዋታው አዲስ ለሆኑ አንባቢዎች፦ ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዋርሀመር ውስጥ ኑርግል የወረርሽኝና የብስባሴ አምላክ ነው። ተከታዮቹ ሆዳቸው የተነፋ፣ ቆዳቸው የፈነዳ፣ ብረታቸው የዛገ ነው። ቅዱስ ቁጥሩም 7 ነው።

ጥያቄ፦ 21 ምስሎች ቀባሁ። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው፤ ግን የታመሙ አይመስሉም። ጓደኞቼ «ጎመን» ይሏቸዋል። ምን ጎደለ? (ከደብረ ብርሃን)

ጓደኞችዎ እውነታቸውን ነው። አረንጓዴ ብቻውን በሽታ አይሆንም፤ ቅጠልም እንቁራሪትም አረንጓዴ ነው። የታመመ ሰው የሚያስደነግጠን ደም የሸሸው፣ የገረጣው፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረው ፊቱ ነው። ስለዚህ ከአረንጓዴ ሳይሆን ከአጥንት ቀለም ይነሱ፤ አረንጓዴውን እንደ ቅመም ጣል ያድርጉበት።

ለቆዳው አራት ጠብታ የአጥንት ቀለም፣ አንድ ጠብታ ግራጫማ አረንጓዴ፣ በብሩሽ ጫፍ ደግሞ ትንሽ ሐምራዊ ይደባልቁ። በውሃ አቅጥነው ሁለት ጊዜ ይቀቡ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ መቀባት የፊቱን ሽብሽብና የጣቶቹን ክፍተት ይደፍናል። ከሥር ያለው ፕራይመር (ከሁሉም በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም) ነጭ ወይም የአጥንት ቀለም ይሁን፤ ጥቁር ላይ የገረጣ ቆዳ ለማውጣት አምስትና ስድስት ድርብ ሊፈጅ ይችላል።

ቀጥሎ ጥላው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቡናማ ዋሽ (ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ጥላ የሚሠራ ቀጭን ቀለም) ከራስ እስከ እግር ካፈሰሱበት ምስሉ ይቆሽሻል እንጂ አይታመምም። ጥላውን ለሦስት ይክፈሉት፦ ከዓይን ሥር፣ በብብትና በቁስል ዙሪያ ሳሳ ያለ ሐምራዊ፤ ብረት ሥጋ ውስጥ በገባበት ቦታ ሁሉ ቀላ ያለ ቡናማ፤ ከሆድ በታች ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ። የበለዘ ቆዳ ሲቀቡ ተፈጥሮ የራሷ ቅደም ተከተል እንዳላት ያስታውሱ። ትኩሱ ምት ቀይና ሐምራዊ ነው፤ ሲቆይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ይወይባል። የበለዘው ቆዳ መዳን የሚጀምረው ከዳር ነው፤ ስለዚህ መሐሉን ሐምራዊ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ፣ የመጨረሻውን ጠርዝ ቢጫ ያድርጉት።

ከዚያ ወደ መነሻው ድብልቅ ነጭ ጨምረው ቆዳው የተወጠረበትን ብቻ ያንሱ፦ የሆዱን ጉብታ፣ የአፍንጫውን ጫፍ፣ የጣት አንጓዎችን። ቀሪውን አይንኩት። ከእያንዳንዱ ምስል ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ቁስልም ዝገትም የሌለበት ይሁን። ዓይን የሚያርፍበት ንጹሕ ቦታ ካጣ ቁስሉንም አያየውም።

የ21ዱን ቀለም አጥቦ ማስለቀቅ አያስፈልግም። የአጥንት ቀለም በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉባቸውና ከሐምራዊው ጥላ ይቀጥሉ፤ የቀድሞው አረንጓዴ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል፤ ቦታውም እዚያው ነው። ማጠብ የግድ ከሆነ አሴቶን እንዳይሞክሩ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ሰባት ሰባት እያደረጉ ቢቀቡ ደግሞ ሥራው አይሰለችም፤ ለኑርግልም ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ ምስሎቼ ብጉንጅ የላቸውም። በጤፍ ልሠራ አሰብኩ፤ ለለሃጩ ደግሞ በተዘፈዘፈ ተልባ። ያስኬዳል? (ከአረርቲ)

የምንጃር ሰው ጤፍ ቢያስብ አይገርምም፤ ደግሞም ያስኬዳል። አንድ የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ያቺ ፍሬ በእውነተኛ ሰው ላይ የዶሮ እንቁላል የምታክል ብጉንጅ ናት ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ምስል ከሦስት እስከ አምስት ፍሬ ይበቃል፤ እፍኝ ከበተኑበት እንጀራ ላይ የወደቀ ይመስላል። ነጭም ሆነ ቀይ ጤፍ ለውጥ የለውም፤ ይቀባልና።

ጤፉን በወንፊት ይንፉ፤ ከዚያ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያድርቁት፣ እንዳይቆላ። በስቴኪኒ ጫፍ የሱፐር ግሉ ነጥብ ያስቀምጡ፤ ፍሬዋን እርጥብ በሆነ ሌላ ስቴኪኒ አንስተው ያኑሩባት። በወረንጦ ከሞከሩ ፍሬዋ ተፈናጥራ ትጠፋለች። የእንጨት ኮላ አይጠቀሙ፤ ውሃ ስላለበት ፍሬዋ ጠጥታ ታብጥና ስትደርቅ ትላቀቃለች። ሁለትና ሦስት ፍሬ አጠጋግተው፣ አንዷን ነጠል አድርገው ያስቀምጡ። በሰልፍ የቆመ ብጉንጅ የለም። ይህ ሁሉ ከፕራይመር በፊት ይለቅ።

አቀባቡ፦ በሥሯ ዙሪያ ጥቁር ቀይ ቀለበት፣ ጉብታዋ ላይ ሮዝ፣ ከላይ ቢጫ፣ ጫፏ ላይ ነጣ ያለ አንዲት ነጥብ። ነጥቧ መሐል ላይ ሳትሆን ወደ አንድ ጎን ብታዘነብል ልትፈርጥ የደረሰች ትመስላለች።

ተልባውን ይተዉት። እርጥቡ ልጋግ ያሳምናል፤ ሲደርቅ ግን ተሸማቅቆ ስስ ልጣጭ ይሆናል፣ በክረምትም ይሻግታል። ለለሃጭ ኡሁ ማስቲሽ የተሻለ ነው፦ ከላይኛው ከንፈር ላይ በስቴኪኒ ነክተው ወደ ታች ሲስቡት ክር ይሆናል፤ ክሩን አገጩ ላይ ያሳርፉት። በነጋታው አምስት ጠብታ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽና አንድ ጠብታ ቢጫማ አረንጓዴ ቀለም ደባልቀው ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ዋሹ ሲደርቅ የቡና ስኒ ሥር የሚተወውን ዓይነት ክብ እድፍ ይተውብኛል። ቀለሙም ብሩሹ ላይ ይደርቃል። (ከሸዋ ሮቢት)

ሁለቱም የቆላው ሙቀት ሥራ ነው። ዋሹ የሚደርቀው ከዳር ወደ መሐል ስለሆነ ቀለሙ ወደ ጠርዙ ይሸሻል። በውሃ ብቻ ማቅጠን ያባብሰዋል፤ ግማሹን ውሃ ግማሹን የማያብለጨልጭ ሚዲየም (ቀለም የሌለው ማቅጠኛ) ያድርጉ። ትርፉን ንጹሕና እርጥብ በሆነ ብሩሽ ወዲያውኑ ይምጠጡት፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከነኩት ይላጣል። ግሊሰሪን ማድረቂያ ጊዜውን ያራዝማል። አንድ ጠብታ ለሃያ ጠብታ ውሃ ይበቃል፤ ከበዛ ቀለሙ ለሳምንት ይጣበቃል። ለቀለም መደባለቂያው ጠፍጣፋ የምሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ።

ለትጥቁ ግን የዘይት ቀለም ይሞክሩ። የአተር ፍሬ የምታክል ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ ወፍራም ሻይ እስኪመስል ያቅጥኑ። ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ተቀብቶ ሙሉ ቀን የደረቀ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አኳራጁ ሊያነሳው ይችላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉት፤ ዝናብ እንዳወረደው ቆሻሻ ይቀራል። መስኮት ይከፈት፣ ከሰልም አጠገቡ አይኑር።

ጥያቄ፦ የመጨረሻውን ቫርኒሽ በስፕሬይ ረጨሁ፤ ምስሎቹ ነጭ ውርጭ የወረደባቸው መሰሉ። መግሉም ብልጭታውን አጣ። (ከደብረ ሲና)

የጣርማ በር ጉም ቫርኒሽ አይወድም። ስፕሬዩ ሲረጭ አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ይታሰራል። ጥገናው፦ ፀሐይ በወጣበት ቀን የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በብሩሽ በስሱ ይቀቡ፤ ነጩ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ሲደርቅ የማያብለጨልጨውን በድጋሚ ይርጩ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ አቧራ ሆኖ ያርፋል። «ሻካራ ቆዳ ለበሽተኛ ይስማማል» የሚሉ አሉ፤ አንስማማም፤ ቀጣዩ ዋሽ በየቅንጣቱ ይያዛል። ቆርቆሮው ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያቆዩት፣ እሳት ዳር ግን በጭራሽ።

ብልጭታው የጠፋው በቅደም ተከተሉ ነው። የማያብለጨልጨው ለሁሉም ይቀድማል፤ የሚያብለጨልጨው በመጨረሻ፣ በብሩሽ፣ እርጥብ ለሆነው ብቻ፦ ዓይን፣ ምላስ፣ አንጀት፣ የብጉንጅ ጫፍ። ደረቁ ቆዳ አጠገቡ ሲኖር ነው መግሉ እርጥብ የሚመስለው።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ዝገት መጠቀም ይቻላል? (ከአንኮበር)

ይቻላል። የምስማር ሙራጅ ወይም የሚዝግ ሽቦ በአቼቶ ዘፍዝፈው ለሁለት ቀን ይተዉት፤ ከዚያ አቼቶውን ደፍተው አየር ላይ ያድርቁትና ይውቀጡት። የማይዝግ የሳህን ማጠቢያ ሽቦ ዓመት ቢዘፈዘፍም ለውጥ የለውም። ዱቄቱን ከማያብለጨልጭ ሚዲየም ጋር ለውሰው በትጥቁ መጋጠሚያና በብሎኖቹ ሥር በስፖንጅ ቁራጭ ይምቱት። ጠርዝ ላይ ትንሽ ብርቱካናማ ይጨምሩ፤ አዲስ ዝገት ደማቅ ነውና።

ጥያቄ፦ የተጣመመ ጎራዴ በፈላ ውሃ ይቃናል ተባልኩ፤ የእኔ አልቃና አለ። እናቴ ደግሞ «ይህን ሰይጣን ከቤት አውጣ» ትለኛለች። (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

ጎራዴው ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም ሬዚን ቢሆን ይቃና ነበር። ያንተው ጠንካራው ፖሊስታይሪን ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ለመለስለስ 100 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆርጠህ በፕላስቲክ ማጣበቂያ መልሰህ ግጠመው፤ መጋጠሚያውን በዝገት ሸፍነው።

ስለ እናትህ፦ እውነታቸውን ነው፣ መልካቸው አያምርም። ክዳን ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ፈልግ፤ በየምስሉ መቆሚያ ሥር ትንሽ ማግኔት በሱፐር ግሉ ለጥፍ። ከዓይን ይሰወራሉ፣ አቧራ አይነካቸውም፣ በመንገድም አይጋጩም። ቫርኒሹ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ግን ክዳኑን እንዳትዘጋ።