1,500 ብር እንዴት 1 ብር ሆነ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ነው። አንድ ወጣት ለእናቱ ሱቅ የዕለት ሽያጭ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም ጃቫስክሪፕት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቷል። መጀመሪያ 250 እና 300 ሲደምር 250300 መጣለት። ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጥ ፓርስኢንት (parseInt) የሚባል ትእዛዝ ጨመረበትና ተስተካከለ። አሁን ግን ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ብር ይጎድላል። «አቦ፣ ወረቀቱ ሌላ ይላል፣ ስክሪኑ ሌላ!» ብሎኛል።

ወንድሜ፣ የላክልኝን አየሁት። እናትህ 1,500 ብለው በኮማ ነው የሚጽፉት። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስክሪኑ ላይ ባለው መጻፊያ ሳጥን ውስጥ የሚጻፍ ሁሉ፣ አኃዝ ብቻ ቢሆንም፣ ለፕሮግራሙ ጽሑፍ ነው። የመደመር ምልክት ደግሞ ሁለት ጽሑፎችን ይቀጥላል እንጂ አይደምርም። 250300 የመጣው ለዚህ ነው። ይሄ ቀላሉ ነው።

ፓርስኢንት ከግራ ጀምሮ ያነባል። አኃዝ ያልሆነ ነገር ሲገጥመው እዚያው ይቆምና እስከዚያ ያነበበውን ይሰጥሃል። 1,500 ላይ ኮማው ጋ ሲደርስ የያዘው 1 ብቻ ነው። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። የቆመ ፕሮግራም ወዲያው ይታያል። ዝም ብሎ 1,499 ብር የሚውጥ ፕሮግራም ግን ሰው ያጣላል። እኔ በሠራሁት ፕሮግራም አንዲት ካሸር ያለ ጥፋቷ ስትጠረጠር አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉን አጽዳው። ኮማውንና ከፊትና ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታ አውጣ። ከዚያ የቀረው ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች ብቻ መሆናቸውን ፈትሽ። ይህን ካለፈ በኋላ ነምበር (Number) በሚባለው ሌላ ትእዛዝ ወደ ቁጥር ለውጠው። ነምበር ያልገባውን ቆርጦ አይወስድም፤ «ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት ይመልስልሃል። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፦ ባዶ ሳጥን ስትሰጠው 0 ይላል። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ቀድመህ አትቀበለው። «250 ብር» ተብሎ ከተጻፈም አትገምት፤ ሳጥኑን ቀይ አድርገውና እንደገና ይጻፉት። ፓይተን በሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ብትሠራው ኖሮ ኢንት (int) የሚባለው ትእዛዙ 1,500ን አልቀበልም ብሎ ቀጥ ይል ነበር።

ሳንቲም ካለ አንድ ነጥብና ከኋላዋ እስከ ሁለት አኃዝ ፍቀድ። ሂሳቡን ግን በሳንቲም ያዘው፤ 37.50 ብር 3750 ይሁን። በ100 ስታባዛ ተጠንቀቅ። 19.99ን ብታባዛው ጃቫስክሪፕት የሚሰጥህ 1998.9999999999998 ነው። ነጥብ ያለበትን ቁጥር የሚይዘው በ0 እና በ1 ስለሆነ 19.99 በልኩ አይገባለትም። ይህን በፓርስኢንት ከቆረጥከው አንድ ሳንቲም ጠፋ። ማዝ ራውንድ (Math.round) በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋው።

የደንበኞችን ስልክ ግን በጽሑፍነቱ ተወው። የኛ የድሬና የሐረር መደበኛ ስልክ በ025 ይጀምራል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ስትለውጠው ፊቱ ያለው 0 ይጠፋል። ስልክ ደግሞ ማንም አይደምርም።

ኮዱን ካስተካከልክ በኋላ ለእናትህ ከመስጠትህ በፊት 1,500፣ ባዶ ሳጥን፣ «250 ብር» እና 19.99 እያስገባህ ሞክረው። ያለፈውን መዝገብም እንዳትተወው። በኮማ የተጻፈ ሽያጭ ሁሉ የተመዘገበው ከኮማው በፊት ባለው ብቻ ነው። ወረቀቱን አጠገብህ አድርግና አንድ በአንድ አርመው።