የሚናገር ጉማሬ፦ ስለ ሰርቮ ኮንትሮለር ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ለልጆች ቲያትርና ለትምህርት ቤት ዝግጅት የሚሆኑ ተንቀሳቃሽ አሻንጉሊቶች እሠራለሁ፤ አፉን የሚከፍት ጉማሬ፣ አንገቱን የሚያዞር ፔሊካን፣ ዓይኑን የሚያንከባልል አምባዛ። ስለ ሰርቮ (ወደ ታዘዘበት ማዕዘን የሚዞር ትንሽ ሞተር) እና ስለሚያዝዘው ቦርድ፣ ስለ ኮንትሮለሩ፣ ያላችሁን ጠይቁ፤ የማውቀውን ሳልሰስት እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰርቮ ሲያስቸግር ሁሉም ሰው ኮዱን ይወቅሳል። እናንተ ከኮዱ በፊት ኤሌክትሪኩንና የእንቅስቃሴውን ወሰን ፈትሹ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እጄ ላይ ያለው አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ቦርድና አራት ኤስጂ 90 የሚባል ትንሽ ሰርቮ ነው። ኮንትሮለር መግዛት የግድ ነው?

መልስ፦ ለአራት ትንንሽ ሰርቮ የግድ አይደለም። ኡኖ በራሱ የሰርቮ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የሰርቮ ማዘዣ ኮድ) እስከ 12 ያዛል። ሰርቮ የሚጠብቀው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ አጭር ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) ነው። ፐልሱ 1500 ማይክሮ ሰከንድ ሲረዝም መሃል ላይ ይቆማል፤ ወደ 1000 ሲያጥር በአንድ በኩል፣ ወደ 2000 ሲረዝም በሌላው በኩል ይዞራል። ይህን ከያዝክ የትኛውም ኮንትሮለር አይከብድህም። ለሰርቮዎቹ የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ግን ከኡኖው 5 ቮልት ፒን አትውሰድ፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ የቴክኖሎጂ ክበብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስምንት ሰርቮ ያለው የጉማሬ ጭንቅላት እየሠሩ ነው። ከኮንትሮለሮቹ ፒሲኤ 9685 ይሻላል ወይስ ማኤስትሮ?

መልስ፦ መምህር፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ፒሲኤ 9685 ርካሽ ነው፤ 16 ሰርቮ ይይዛል፣ ከአርዱይኖ ጋር የሚነጋገረው በሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ አድራሻቸውን እየለያዩ እስከ 62 ቦርድ በአንድ መስመር መቀጠል ይቻላል። ድክመቱ እርምጃው፣ ማለትም የፐልሱን ርዝመት የሚለውጥበት ትንሹ መጠን፣ ሰፊ መሆኑ ነው። 20 ሚሊ ሰከንዱን ለ4096 ስለሚያካፍለው አንዱ እርምጃ ወደ 4.9 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል። ከ1000 እስከ 2000 ባለው መደበኛ ክልል ውስጥ እንግዲህ 205 ያህል እርምጃ ብቻ አለዎት ማለት ነው። ለዓይን ቆብና ለጆሮ ከበቂ በላይ ነው። አንገት በዝግታ ሲዞር ግን እየተቆራረጠ መሄዱ ከፊት ወንበር ይታያል።

የፖሎሉ ማኤስትሮ ባለ 6፣ ባለ 12፣ ባለ 18 እና ባለ 24 ሆኖ ይመጣል። እርምጃው 0.25 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ ፍጥነቱንና አነሳሱን ራሱ ይቆጣጠራል፣ ስክሪፕት ከተጫነበት ያለ ኮምፒውተር ይሠራል። ዋጋው ግን ለክበብ ይከብዳል። በእርስዎ ቦታ ብሆን ፒሲኤ 9685 ይዤ አንገቱን ብቻ በቀጥታ ከኡኖው ፒን አዝዘዋለሁ፤ የኡኖው ላይብረሪ እርምጃው 0.5 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ መቆራረጡ ይቀንሳል። ሌላም ልብ ይበሉ፦ የፒሲኤው የውስጥ ሰዓት 25 ሜጋ ኸርዝ ይባል እንጂ ከቦርድ ቦርድ ይለያያል። ቦርድ በቀየሩ ቁጥር ልኩን እንደገና ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ጉማሬዬ አፉን ሊከፍት ሲል ሁሉም ሰርቮ ይንቀጠቀጣል፣ አርዱይኖውም ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ኮዱን ደጋግሜ ቀየርኩት፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ኮድህን ተወው። የወደቀው ቮልቴጁ ነው፤ አብረን እናስላው። ትልቁ ሰርቮ ኤምጂ 996 አር ሸክሙ አላንቀሳቅስ ሲለው 6 ቮልት ላይ 2.5 አምፔር ይስባል። ኤስጂ 90 በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ 0.7 ነው። አንድ የጉማሬ ጭንቅላት ለመንጋጋና ለአንገት ሁለት ትልልቅ፣ ለዓይን፣ ለቆብና ለጆሮ ስድስት ትንንሽ ሰርቮ ይፈልጋል። ሁለቱ ትልልቆች 5 አምፔር፣ ስድስቱ ትንንሾች 4.2፣ በድምሩ 9.2 አምፔር። የኮምፒውተር ዩኤስቢ የሚሰጥህ 0.5 ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጨናነቁ ይሆናል፤ ነገር ግን መንጋጋው ብቻውን ሲነሳ ቮልቴጁን ጎትቶ ይጥለዋል፣ አርዱይኖውም አብሮ ይወድቃል።

ባለ 5 ቮልት 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ካገኘህ ጨርሰሃል። ካላገኘህ ከአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የወጣ ፓወር ሰፕላይ በጣም ጥሩ ነው። ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ (ማይነስ)፣ ቢጫው 12 ቮልት ነው፤ አረንጓዴውን ከጥቁር ጋር ስታገናኘው ይነሳል። 5 ቮልቱ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው። ሣጥኑን ግን በፍጹም አትክፈት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የተጠራቀመ አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል።

ከዚያ ወፍራም ሽቦ ተጠቀም፤ ቀጭን ሽቦ ሲረዝም ቮልቴጁን መንገድ ላይ ይበላዋል። ሰርቮዎቹ አጠገብ ባለ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ድንገተኛ የቮልቴጅ መውደቅን የሚያለዝብ) አስገባ፣ ፕላስና ማይነሱን እንዳታገለባብጥ። የሁለቱን ትልልቅ ሰርቮ ቀይና ጥቁር ሽቦ በፒሲኤው ቦርድ ውስጥ አታሳልፍ፤ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ውሰድና ሲግናሉን (ትእዛዙን የሚያመጣውን ሽቦ) ብቻ ከቦርዱ አምጣ። የቦርዱ መስመር ቀጭን ነው፣ ይግላል። በቦርዱ የሰርቮ ፓወር መግቢያም ከ6 ቮልት በላይ አታስገባ።

ጥያቄ፦ ለአርዱይኖውና ለሰርቮው የተለያየ ፓወር አለኝ። ግራውንዱን ማገናኘት አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ የግድ። ሁለቱ ግራውንዶች ካልተገናኙ ሲግናሉ መነሻ ስለሌለው ሰርቮው እንደፈለገ ይወራጫል።

ጥያቄ፦ የሰርቮ ሽቦ ቀለም ግራ ገባኝ፤ አንዱ ቡናማ አለው፣ ሌላው ጥቁር።

መልስ፦ ቡናማም ጥቁርም ግራውንድ ነው። ቀይ ፕላስ ነው፣ መሃል ላይ ይሆናል። ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ነጭ ሲግናል ነው።

ጥያቄ፦ ዓይኑን የሚያዞረው ሰርቮ ቆሞም ድምፅ ያሰማል፣ ይግላል። አንዱ ተቃጥሎብኛል። ሰርቮው መናኛ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል እህቴ። ቆሞ የሚጮህ ሰርቮ ሊደርስበት ወደማይችል ቦታ የታዘዘ ነው። ዓይኑ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፣ ኮዱ ግን «ጨምር» ይላል፤ ሰርቮው ሙሉ ኃይሉን እየሳበ ሲገፋ ይቃጠላል። መፍትሔው ወሰኑን በእጅ መለካት ነው። በመጀመሪያ ክንዱን (ሰርቮው ጫፍ ላይ ተገጥሞ የሚዞረውን) ፍቺና ሰርቮውን 1500 ላይ አቁሚው። ዓይኑን በእጅሽ ወደ መሃል አምጥተሽ ክንዱን ያን ጊዜ ግጠሚ። ከዚያ በ10 ማይክሮ ሰከንድ እየጨመርሽ ሂጂ፤ ሊነካ ሲል ወይም ድምፁ ሲለወጥ ቁሚና 20 ያህል ወደ ኋላ መልሺው። ያ ቁጥር የዚያ ሰርቮ ጣሪያ ነው፤ በሌላውም በኩል እንዲሁ አድርጊ። ሁለቱን ቁጥር ጽፈሽ ሰርቮው ላይ ለጥፊው፣ ኮዱም ከዚያ እንዳያልፍ አድርጊ። አንዱ ኤስጂ 90 1100 ላይ የሚደርሰውን ሌላው 1040 ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ለአንዱ የወሰድሽውን ለሌላው አትገልብጪ። አሰልቺ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሰርቮ ከማቃጠል የሚያድነው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የታችኛው መንጋጋ ከፍራሽ ስፖንጅና ከካርቶን ተሠርቶ 400 ግራም ይመዝናል። ኤምጂ 996 አር ይችለዋል?

መልስ፦ የክብደቱ መሃል ከማጠፊያው 12 ሳንቲ ሜትር ከራቀ 0.4 ሲባዛ በ12፣ 4.8 ኪሎ ግራም ሳንቲ ሜትር (የማዞሪያ ኃይል መለኪያ) ይሆናል። ሰርቮው 4.8 ቮልት ላይ 9.4 ይችላል ተብሎ ይሸጣል፤ እኔ ግን ከተጻፈው ከግማሽ በላይ አላሸክምም። አንተ ወሰኑ ላይ ነህ። ሁለት ነገር ጨምር። ሰርቮው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ክንድ፣ መንጋጋው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ክንድ አድርገህ በብስክሌት ጎማ ሽቦ አገናኛቸው፤ ማዕዘኑ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ግማሹን ክብደት ይሸከምልህ። ሙሉውን ግን አይሸከም፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ይሠራል፣ ግን እንቅስቃሴው የማሽን ነው። ሕይወት የለውም።

መልስ፦ ደስ የሚለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት በኩል ሂድና ጉማሬ ተመልከት። ከውኃ ብቅ ሲል ጆሮውን ቶሎ ቶሎ ያራግባል፣ ጭንቅላቱ ግን ዝም ይላል። አፉን ሲከፍት ደግሞ ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ መሃል ላይ ፈጥኖ፣ ጫፉ ላይ ይዘገያል። እኛ ሁሉንም በአንድ ፍጥነት ስለምናንቀሳቅስ ነው ማሽን የሚመስለው። ለመንጋጋና ለአንገት ትእዛዙን ከቦታ ቦታ አታዝልለው፤ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ጥቂት ጥቂት አንቀሳቅሰው፤ ሲጀምርና ሲጨርስ እርምጃው ትንሽ፣ መሃል ላይ ትልቅ ይሁን። ጆሮውን ግን በሙሉ ፍጥነት ልቀቀው። ዓይን ከአንገት ይቅደም፤ እንስሳ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ይዞራል። የዓይን ቆቡም በእኩል ጊዜ አይርገብገብ፣ ከ2 እስከ 7 ሰከንድ ባለው መካከል በዘፈቀደ ይሁን። ምንም የማያደርግበት ጊዜም ስጠው፤ ልጆች ጉማሬውን አምነው ወደፊት የሚጠጉት ዝም ሲል ነው።

ጥያቄ፦ ጉማሬው በአማርኛ ተረት ይናገራል። መንጋጋውን ከድምፁ ጋር እንዴት ላስማማው?

መልስ፦ በድምፁ ጉልበት ብቻ መንጋጋውን የሚከፍቱ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን «ስ» እና «ሽ» ላይ ሳይቀር አፉ ይከፈታል። ፊደላችን ከዚህ የተሻለ መንገድ ይሰጠናል። ጽሑፉን ያዝና በየፊደሉ ላይ የመንጋጋውን መጠን ጻፍ። ራብዕ ሙሉ ይከፈት። ግዕዝ፣ ኃምስና ሳብዕ ግማሽ። ካዕብና ሣልስ ሩብ። ሳድስ ዝግ ሊሆን ጥቂት ይቅረው። መ፣ በ፣ ጰ እና ፐ ሲመጡ አናባቢው ከመከፈቱ በፊት መንጋጋው ለአፍታ ይዘጋ፤ ይህን ከዘለልከው አፉ ከቃሉ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ እና ዐ ግዕዝ ቢሆኑም ድምፃቸው የራብዕ ስለሆነ እንደ ራብዕ ቁጠራቸው። «ጣና» ሁለት ሙሉ መክፈቻ ነው። «ጉማሬ» ሩብ፣ ዝግና ወዲያው ሙሉ፣ ከዚያ ግማሽ።

ኤምጂ 996 አር 60 ዲግሪ ለመዞር ያለ ሸክም ወደ 0.17 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ለንግግር የመንጋጋውን ስፋት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ገድበው፣ ሙሉውን ለማዛጋት አስቀምጠው። ፈጣን ንግግር ላይ ሳድሶቹን ዝለላቸው። ድምፁን ከዲኤፍ ፕሌየር ሚኒ (ከሜሞሪ ካርድ ድምፅ ከሚያጫውት ትንሽ ቦርድ) ማጫወት ትችላለህ፤ እስከ 32 ጊጋ ባይት ካርድ ያነባል። ከአርዱይኖ ወደ እሱ በሚሄደው መስመር ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ካስገባህ ስፒከሩ ላይ የሚሰማው ጩኸት ይቀንሳል። የመንጋጋው ትእዛዝ ከድምፁ ትንሽ ይቅደም፤ ምን ያህል እንደሚቀድም በዓይንህና በጆሮህ አስተካክለው።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

መልስ፦ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይበቃል። በስቴፕ ዳውን (ቮልቴጅ በሚቀንስ ቦርድ) ወደ 5 ቮልት አውርደው፤ ስቴፕ ዳውኑ 10 አምፔር የሚችል ይሁን፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ አስገባ። ጉማሬው በአማካይ 2 አምፔር ከወሰደ ከባትሪው የሚወጣው ወደ 1 አምፔር ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ስለማይራገፍ ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ዝግጅታችን ሐይቁ ዳር፣ ከቤት ውጭ ነው። ፔሊካኑ በደንገል ታንኳ ላይ እንዲቆም እንፈልጋለን።

መልስ፦ ኤስጂ 90 ውኃ አይችልም። ሰርቮዎቹንና ኮንትሮለሩን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከታንኳው ወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እንቅስቃሴውን ወደ ምንቃሩ በብስክሌት የፍሬን ገመድ ውሰዱት። ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት ስለማይችል በሌላው በኩል የሚመልስ ስፕሪንግ ያስፈልገዋል። ባሕር ዳር ላይ የብስክሌት ጥገና በየሰፈሩ ስላለ ገመዱም ስፕሪንጉም አይቸግራችሁም። ታንኳው ላይ ከ12 ቮልት ባትሪ ውጭ ሌላ ኤሌክትሪክ አትውሰዱ፤ 220 ቮልት ውኃ ላይ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ልጆች እጃቸውን አፉ ውስጥ ማስገባት ይወዳሉ። ያሰጋል?

መልስ፦ ያሰጋል፣ ኤምጂ 996 አር ጣት ይቆነጥጣል። የሰርቮውን ፓወር ብቻ የሚቆርጥ ትልቅ ማጥፊያ አሻንጉሊቱን በሚያንቀሳቅሰው ሰው እጅ ይሁን፤ አርዱይኖው ሊበራ ይችላል፣ ችግር የለውም። ላስቲኩ ግማሹን ክብደት ብቻ ይሸከም ያልኩት ለዚህ ነው፦ ፓወሩ ሲቆረጥ የታችኛው መንጋጋ ወደ መከፈት ያደላል፣ ጣትም በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ ሲበራ የሚሰጠው የመጀመሪያው ትእዛዝ የተከፈተበት ቦታ ይሁን፤ አለዚያ አርዱይኖው መንጋጋው የት እንዳለ ስለማያውቅ ሰርቮው በሙሉ ኃይሉ ይዘላል። በጥርሶቹ መካከል ሲዘጋም የ3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ ጠርዙንም በስፖንጅ ልበጡት። ልጆች ከመምጣታቸው በፊት መንጋጋው እየተዘጋ ሳለ ፓወሩን ቆርጣችሁ በራሳችሁ እጅ ሞክሩት።