በ36 ዓመቴ ሥራዬን ትቼ ሕክምና ልማር?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ ዶክተር? 36 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አካውንቲንግ የተማርኩት አዲስ አበባ ሲሆን፣ እዚህ መጥቼ ሲፒኤ የሚባለውን የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ ፈተና አልፌ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ ጥሩ ነው። ባለትዳርና የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች እናት ነኝ፤ ቤትም ገዝተናል። አምና አባቴ ኩላሊቱን ታሞ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። አጠገቡ ሆኜ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ «ዲያሊሲስ መጀመር አለበት» ስትል በአማርኛ እንዴት እንደምነግረው ጨነቀኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ሥራዬ ላይ የለም። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። እናቴ «በገዛ እጅሽ እንጀራሽን አትዝጊ» ትለኛለች። ጊዜው አልፎብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ዕድሜሽ ነው። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «አዲስ አበባ» የሚለው ላይ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ውጭ አገር የተወሰደ ኮርስ አይቆጥሩም። አምካስ የሚባለው የጋራ ማመልከቻም የውጭ አገር ውጤት አያረጋግጥም። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ወይም የካናዳ ዲግሪ ካልያዝሽ አያይሽም። አንዳንዱ ደግሞ እዚህ የተወሰደ የተወሰነ ክሬዲት ይበቃዋል። ይህን ሳታጣሪ ሥራ መልቀቅ ቀርቶ የኤምካት፣ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን፣ መጽሐፍ እንኳ እንዳትገዢ። የሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር፣ ኤኤኤምሲ፣ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት መስፈርት ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለሽ ልታመለክቺባቸው የምታስቢያቸውን አንድ በአንድ እያቸው።

ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሁሉንም ከነላቦራቶሪያቸው መውሰድ ይኖርብሻል። ሥራሽን ሳትለቂ ማታ ማታ ከተማርሽ 3 ዓመት ያዢለት። በዚያው መሀል ኤምካት አለ፤ እረፍቱን ጨምሮ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ፈተና ነው። ከዚያ ማመልከቻው ብቻውን አንድ ዓመት ይበላል፤ በሰኔ ያስገባሽው ተሳክቶልሽ የምትጀምሪው በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ አካባቢ ነው። ትምህርቱ 4 ዓመት፣ ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሽ የምትሠለጥኚበት የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ 3 ዓመት። እንግዲህ ደምሪው፦ 47 ዓመት ይሞላሻል። የኩላሊት ሐኪም ልሁን ካልሽ ሌላ 2 ዓመት።

«ባትማሪስ 47 ዓመት አይሞላሽም ወይ?» የሚሉሽ አይጠፉም። እኔ እንዲህ አልልሽም፤ ልጆች አሉሽና። ያኔ ትልቁ ልጅሽ 18፣ ትንሹ 15 ይሆናቸዋል። አሁን ጉልበትሽ ላይ የሚወጡት ልጆች የሚያድጉት አንቺ ስታጠኚ ነው።

እኔ መሐንዲስነቴን ትቼ የወጣሁት በ33 ዓመቴ ነው። ልጄ 5 ዓመቷ ነበር። የአናቶሚ ትምህርት በነበረኝ ሰሞን አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የሚደረግበት የፎርማሊን ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አልለቅ አለ። ልብሴን በረንዳ ላይ እያወለቅኩ ነበር የምገባው። ልጄ ሮጣ ትመጣና ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆም ብላ፣ አፍንጫዋን ይዛ «ማሚ፣ መጀመሪያ ታጠቢ» ትለኛለች። ታጥቤ ስወጣ ብዙ ጊዜ ተኝታ አገኛታለሁ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ያ ሁለት እርምጃ ግን አሁንም ይታየኛል። እንደገና ብወለድ ሕክምናን እመርጣለሁ። ያን የልጄን ምሽት ግን የሚመልስልኝ የለም።

ሌላም ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዓመት 18 ትምህርት ቤት አመለከትኩ። አንዱም ለቃለ መጠይቅ አልጠራኝም። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ጠሩኝ፣ አንዱ ተቀበለኝ። የመቀበያው ደብዳቤ እጄ እስኪገባ ድረስ ሥራዬን አልለቀቅኩም። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ገንዘቡን ለአንቺ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ግን ሕጉ ተቀይሯል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ለሕክምና ተማሪ የፌዴራል ብድር ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ከነኑሮው ከዚህ በላይ ያስወጣል። የቀረውን ከባንክ ነው ወይስ ከቁጠባሽ? የቤቱን ብድር፣ ሞርጌጁን፣ በአንድ ደመወዝ መክፈል ይቻላል? ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታሰይዋለሽ። የሬዚደንት ደመወዝም ዛሬ ከምታገኚው ያነሰ ቢሆን አይግረምሽ፤ ሥራው ደግሞ በሳምንት እስከ 80 ሰዓት ይሄዳል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አባትሽ አልጋ አጠገብ ሆነሽ ልብሽን የነካው ምን ነበር? በሽታውን ማወቅና መወሰን ነው? ወይስ አባትሽ የሚባለው ሳይገባው ቀርቶ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በቋንቋው እንዲያስረዳው መፈለግሽ? የመጀመሪያው ከሆነ መንገዱ ሕክምና ነው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ያን ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ነርሶች ናቸው። ዲግሪ ላለው ሰው ነርሲንግን በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሚያስጨርሱ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ አንድ በሽተኛ ጋ የምቀመጠው ደቂቃ ቆጥሬ ነው፤ የቀረው ቀኔ ኮምፒውተር ላይ እየጻፍኩ ያልቃል። ይህን ሳታዪ ሐኪም እሆናለሁ አትበዪ።

ስለዚህ ሻዶዊንግ የሚሉትን ሞክሪ። የዕረፍት ቀንሽን ተጠቅመሽ አንድ ሐኪም ተከትለሽ ዋዪ፤ አንድ ቀን ሳይሆን አሥር ቀን። በመጪው ሴሚስተር ደግሞ ማታ ጠቅላላ ኬሚስትሪ አንድ ብቻ ተመዝገቢ። ሞንጎመሪ ኮሌጅ እዚያው አጠገብሽ ነው። ልታመለክቺ ያሰብሻቸው ትምህርት ቤቶች የኮሚኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ይቀበሉ እንደሆነ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ መጽሐፉን ስትከፍቺ ደስ ይልሻል ወይስ ያስጠላሻል? ያን ሴሚስተሩ ሲያልቅ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ግን ከደብዳቤሽ ጎደለብኝ። እናትሽ ያሉትን ጽፈሽልኛል። ባለቤትሽ ያለውን አልጻፍሽልኝም። ማታ ማታ ልጆቹን የሚያበላውም፣ ገላቸውን የሚያጥበውም እሱ ነው የሚሆነው። ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩና ያለሽን ጻፊልኝ።